የዕፅዋት ውህዶች ቫይረስ የሚገድሉት የት ነው?

ሰላም ወንድሜ። የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው። የእርዱ ከርኩሚንና የአረንጓዴ ሻይ ውህዶች ቫይረስ እንደሚያጠፉ ይህን ያህል ጥናት እየወጣ ለምን መድኃኒት አልሆኑም፣ ኩባንያዎች ደብቀውት ነው ወይ አልክ። ደግሞ የኤችአይቪ መድኃኒት ለሚወስደው አጎትህ የዕፅዋት ክኒን ልትጨምርለት አስበሃል። የሚያስቸኩለው ሁለተኛው ነው፦ ሐኪሙ ሳያውቅ እንዳትሰጠው። ምክንያቱን ከታች እነግርሃለሁ።

እኔ የሠራሁት ቫይረስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ ሴል እናሳድጋለን፣ በቫይረስ እንበክላለን፣ ከዚያ የዕፅዋት ኤክስትራክት (ከተክሉ የወጣ ጭማቂ) እንጨምርበታለን። ፕሌት ላይ፣ ማለትም ሴሎቹ በሚያድጉበት የቤተ ሙከራ ሳህን ላይ፣ ቫይረስን የሚያስቆም ኤክስትራክት ማግኘት ሰው ከሚያስበው በላይ ቀላል ነው። በተለይ ታኒን (ከፕሮቲን ጋር የሚጣበቅ የዕፅዋት ውህድ) የበዛበት ቅጠል ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ ስለሚይዝ የቫይረሱንም የላይኛ ፕሮቲን ይይዝና ሴል ውስጥ እንዳይገባ ያግደዋል። ሲዋጥ ግን አንጀት ውስጥ ካለው ፕሮቲን ሁሉ ጋር ይጣበቃል፤ ወደ ደም የሚያልፈው እዚህ ግባ አይባልም። ፕሌት ላይማ በረኪናም ይገድላል።

ስለዚህ ጥናት ሳነብ ቀድሜ የምፈልገው ሁለት ቁጥር ነው፦ የቫይረሱን መባዛት በግማሽ የቀነሰው መጠንና ሴሎቹን ራሳቸውን በግማሽ የገደለው መጠን። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ተካፍሎ ውጤቱ 3 ወይም 4 ብቻ ከሆነ ወረቀቱን አስቀምጠዋለሁ። እየሞተ ያለ ሴል ቫይረስ ማባዛት ስለማይችል ቫይረሱ የቀነሰው በዚያ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውን ቁጥር ጨርሶ ያልጻፈ ጥናትም አለ፤ እሱን ባታነበው ይሻላል።

ከርኩሚን ሌላ ጣጣ አለው። ብዙዎቹ ፈተናዎች የሚነበቡት በቀለም ወይም በብርሃን መጠን ነው፣ እሱ ደግሞ ራሱ ቢጫና ብርሃን የሚሰጥ ነው፤ መሣሪያውን ያሳስታል። ከዚያም በላይ ቶሎ ይፈራርሳል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የመድኃኒት ኬሚስትሪ ግምገማ ይህን ሁሉ ዘርዝሮ አስቀምጦታል። ወደ ደም የሚገባውም ጥቂት ነው፦ በቀን 8 ግራም በዋጡ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ደም ውስጥ የተገኘው ከፍተኛ መጠን በአማካይ 2 ማይክሮሞላር (በፈሳሽ ውስጥ ያለ ውህድ ብዛት መለኪያ) እንኳ አልሞላም። ፕሌት ላይ ግን 10፣ 20፣ ከዚያም በላይ ማይክሮሞላር ይፈሳል። ያንን የሚያህል መጠን በአፍ ወስዶ ቫይረሱ ያለበት ቦታ ድረስ ማድረስ አይቻልም።

ደብቀውታል ለሚለው፣ የሠራውን አልደበቁትም። ካቴኪን የሚባሉት የአረንጓዴ ሻይ ውህዶች ሲኔካቴኪን በሚል ስም 15 በመቶ ቅባት ሆነው በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጸድቀዋል፤ ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ለሚያመጣው የብልት ኪንታሮት። ልብ በል፣ የሠራው ቆዳ ላይ ነው፤ በቀጥታ ስለሚቀባ አንጀትንም ጉበትንም ማለፍ አላስፈለገውም። የኢንፍሉዌንዛው መድኃኒት ኦሴልታሚቪርም (1999 እ.ኤ.አ.) መነሻው ስታር አኒስ ከሚባለው ቅመም የሚወጣ ሺኪሚክ አሲድ ነበር። አሲዱ በራሱ ኢንፍሉዌንዛን አያስቆምም፤ በርካታ የኬሚስትሪ ደረጃዎች አልፎ ነው ሌላ ሞለኪውል የሆነው። ስለዚህ ተክሉን አፍልቶ መጠጣት መድኃኒቱን እንደመውሰድ አይቆጠርም።

አሁን ወደ አጎትህ። ሴንት ጆንስ ዎርት በሚባለው ተክል ውስጥ ሃይፐሪሲን የሚባል ውህድ አለ። ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በተለይ ብርሃን ሲያርፍበት፣ ሽፋን ያላቸውን ቫይረሶች ያጠፋል፤ ኤችአይቪንም ጭምር። ብዙ ተስፋ ተጥሎበት በሰው ላይ ተሞከረ። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ግን ቫይረሱን እንዳልቀነሰና የታማሚዎቹ ቆዳ ፀሐይ ሲነካው ክፉኛ እንደተቆጣ አሳየ። በዓመቱ ደግሞ የባሰ መጣ፦ የተክሉ ክኒን ኢንዲናቪር ከሚባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒቱን ጠቅላላ መጠን በአማካይ 57 በመቶ አወረደው። በተክሉ ውስጥ ያለው ሃይፐርፎሪን የሚባል ሌላ ውህድ መድኃኒት የሚሰባብሩትን የጉበት ኤንዛይሞች ያበዛቸዋል። መድኃኒቱ ከሚያስፈልገው በታች ሲወርድ ቫይረሱ እየተባዛ መድኃኒቱን ይላመዳል፤ ይህ ደግሞ ወደ ኋላ የሚመለስ ነገር አይደለም። ኢንዲናቪር ዛሬ ብዙም አይሰጥም፣ ግን በአሁኖቹ ብዙ የኤችአይቪና የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒቶች ማስጠንቀቂያ ላይ የዚህ ተክል ስም አለ።

የገዛኸውን ጠርሙስ ይዘህ መድኃኒቱን ወደሚያዝለት ሐኪም ወይም ወደ ፋርማሲስቱ ሂድ። ከፊት የተጻፈውን ስም ትተህ ከጀርባ ያለውን የይዘት ዝርዝር አሳያቸው፤ «ለበሽታ መከላከያ» በሚል የሚሸጡት ብዙውን ጊዜ የበርካታ ተክሎች ድብልቅ ናቸው። የሊኮሪስ ሥር ካለበትና አጎትህ ደም ግፊት ካለበት ያንንም ለይተህ ንገራቸው፤ ውስጡ ያለው ግሊሲሪዚን ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሺየምም ያወርዳል።