ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ቀዝቅዞ የቆየ ሽል ለእርግዝናው ያሰጋል?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 33 ሲሆን የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ትዳር ከያዝን 6 ዓመት አልፎናል። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ (የእንቁላል እጢዎቼ፣ ማለትም ኦቫሪዎቼ፣ እንቁላል በወቅቱ እንዳይለቁ የሚያደርግ የሆርሞን መዛባት) እንዳለብኝ ተነግሮኝ አይ ቪ ኤፍ፣ ማለትም እንቁላልና የወንድ ዘር ከማህፀን ውጭ ተገናኝተው ሽል የሚፈጠርበትን ሕክምና፣ ጀመርን፤ ከሦስት ቀን በፊትም 22 እንቁላል ተወሰደልኝ። ሐኪሜ ግን ሽሎቹ በሙሉ ቀዝቅዘው እንዲቀመጡና ከሁለት ወር በኋላ ወደ ማህፀኔ እንዲገቡ ወሰነ። አማቴ ‹በረዶ ውስጥ የከረመ ልጅ ጤና ይኖረዋል ወይ?› ይላሉ፤ እኔም ሌሊት መብራት በጠፋ ቁጥር ‹ሽሎቹ ተበላሹ› እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንቅልፍ የነሳዎት እሱ ስለሆነ በመብራቱ ልጀምር። ሽሎች የሚቀመጡት በኤሌክትሪክ በሚሠራ ፍሪጅ ውስጥ ሳይሆን፣ እንደ ትልቅ ፔርሙስ ድርብ ግድግዳ ባለውና ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ናይትሮጂን በተሞላ ጋን ውስጥ ነው። ክዳኑ ሲነሣ ነጭ ጉም ይወጣል፤ ከውስጡ የሚሳበው ከስንደዶ ብዙም የማይወፍር፣ ስምና መለያ ቁጥር የተጻፈበት የፕላስቲክ ዘንግ ሲሆን፣ ሽሉ ጫፉ ላይ ባለች ጠብታ ፈሳሽ ውስጥ ነው ያለው። ቅዝቃዜውን የሚጠብቀው ናይትሮጂኑ ራሱ በመሆኑ መብራት ሄደ መጣ ለውጥ አያመጣም። ሆኖም ናይትሮጂኑ ቀስ በቀስ እየተነነ ስለሚጎድል በየጊዜው እየተለካ መሞላት አለበት። ስለዚህ ማዕከሉን ከጄኔሬተሩ ይልቅ መጠኑን ማን፣ በየስንት ቀኑ እንደሚለካና መጠባበቂያ ናይትሮጂን እንዳላቸው ይጠይቁ።

የአማትዎ ሥጋት መልስ የሚገባው ነው። በቀድሞው የማቀዝቀዝ ዘዴ በሴሎቹ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት እየተፈጠረ ሽሉን ይጎዳ ነበር። ዛሬ በተለመደው ቪትሪፊኬሽን በሚባለው ዘዴ ግን የሴሉ ውሃ በመከላከያ ፈሳሽ ከተተካ በኋላ ሽሉ በቅጽበት ስለሚቀዘቅዝ፣ ፈሳሹ በረዶ ሳይሠራ እንደ መስታወት ይጠጥራል፤ በጥሩ ላቦራቶሪም ከ100 ሽሎች ከ90 በላይ የሚሆኑት ወደ ሙቀት ሲመለሱ በሕይወት ይገኛሉ። ቀዝቅዞ ከቆየ ሽል የመጀመሪያው ሕፃን አውስትራሊያ ውስጥ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ሽሉ በጋኑ ውስጥ ሳለም አያረጅም፤ ሁለት ወርም ቆየ ሁለት ዓመት፣ ያው የ33 ዓመት ሴት እንቁላል ውጤት ነው።

የሐኪምዎ ውሳኔ በእኔ አመለካከት ትክክል ነው። በመርፌ ተነቃቅተው 22 እንቁላል የሰጡ ኦቫሪዎች አብጠዋል፤ በዚህ ላይ እርግዝና ቢጨመር የእርግዝናው ሆርሞን እብጠቱን ያባብሰውና ሆድ ውስጥ ፈሳሽ እስከ መጠራቀም፣ አልፎም ደም እስከ መርጋት ሊያደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ባለባቸው 1,508 ቻይናውያን ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ሲታተም ይህ ችግር ሽሉ ወዲያው ከገባላቸው መካከል በ7.1 በመቶ፣ ቀዝቅዞ ከቆየላቸው መካከል ግን በ1.3 በመቶ ብቻ ታይቷል። በመጀመሪያው ሙከራ ልጅ ታቅፈው የወጡትም 42 በመቶ ከነበሩበት ወደ 49.3 በመቶ ከፍ ብለዋል፤ ለዚህም ዋነኛው ምክንያት የጽንስ መጨንገፍ መቀነስ ነበር። የወር አበባቸው የተስተካከለ ሴቶች ላይ በቻይናና በቬትናም የተደረጉና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተሙ ጥናቶች ግን በወሊድ መጠን ጉልህ ልዩነት አላገኙም። በመሆኑም ማቀዝቀዝ ለእርስዎ የተመከረው ለሁሉም ስለሚሻል ሳይሆን የእርስዎ ሁኔታ ስለሚጠይቀው ነው።

አንድ ነገር ግን ልደብቅዎ አልፈልግም። በዚያው በ2016ቱ ጥናት ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም ሽሉ ወዲያው ከገባላቸው 1.4 በመቶ ሲሆን ቀዝቅዞ ከቆየላቸው 4.4 በመቶ ደርሷል። ሕፃናቱም ሲወለዱ ክብደታቸው ከፍ ይላል። ለግፊቱ አንዱ ምክንያት ማህፀኑ የሚዘጋጅበት መንገድ ሳይሆን አይቀርም፤ በሆርሞን ክኒን ብቻ ሲዘጋጅ እንቁላል ስለማይወጣ፣ እንቁላሉ ከወጣበት ስፍራ የሚመነጩትና የደም ሥሮችን ለእርግዝና የሚያዘጋጁት ሆርሞኖች አይኖሩም። ስለዚህ ሐኪምዎን «እንቁላል እንዲወጣ በሚያደርገው ሌትሮዞል በሚባል መድኃኒት ማህፀኔን ማዘጋጀት ይቻላል?» ብለው ይጠይቁ። ሲያረግዙም በየቀጠሮው፣ ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ ደግሞ ዘወትር፣ በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያም ቢሆን ግፊትዎን ያስለኩ፤ ከ16ኛው ሳምንት በፊት የሚጀመር አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ያስፈልግዎት እንደሆነም ቀደም ብለው ይነጋገሩ።

እንቁላሉ ከተወሰደ ገና ጥቂት ቀናት መሆኑን ደግሞ አይርሱ። ሆድዎ እየተነፋ ቀሚስዎ ከጠበበዎት፣ ክብደትዎ በአንድ ቀን አንድ ኪሎ ያህል ከጨመረ፣ ሽንትዎ ከቀነሰ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።