ሁሉንም ዘዴ ለምትቀላቅሉ ልጆቼ

«ጋሼ፣ ሲቢቲውም ሳይኮዳይናሚኩም ጌስታልቱም ከጠቀመ፣ ሁሉንም ብቀላቅል ምን ችግር አለው?» አለችኝ ደሴ ላይ በሥነ ልቦና ሕክምና ሥራ የጀመረች ልጅ። ሲቢቲ አስተሳሰብንና ባህርይን በልምምድ የሚለውጥ፣ ሳይኮዳይናሚክ ያለፈ ግንኙነት ዛሬ ላይ እንዴት እንደሚደገም የሚያይ፣ ጌስታልት ደግሞ አሁን የሚሰማን ስሜት ፊት ለፊት የሚያወጣ ዘዴ ነው። ችግር የለውም፤ ለምን እንደቀላቀልሽ መናገር እስከቻልሽ ድረስ። ካልቻልሽ ተይው።

ክርክሩ በሙያው ሊቃውንት መካከል የቆየ ነው። አርኖልድ ላዛረስ ንድፈ ሐሳቦቹን ማስታረቅ አያስፈልግም፣ የሚሠራውን ቴክኒክ ከየትም ውሰዱ ባይ ነበር። ፖል ዋክቴል በ1977 እ.ኤ.አ. የሳይኮዳይናሚክ ምንጭ የሆነውን ሳይኮአናሊሲስንና የባህርይ ሕክምናን ከሥር መሠረታቸው ሊያገናኝ ሞከረ። ስታንሊ ሜሰር ደግሞ በ1992 እ.ኤ.አ. አንድ ዘዴ ላይ ቆማችሁ ከሌላው ተዋሱ፣ የተዋሳችሁት ግን አዲሱ ቦታ ላይ ትርጉሙ ይለወጣል አለ። እኔ ከሜሰር ጋር ነኝ።

ከጂዳ የተመለሰች፣ ኮምቦልቻ ሥራ አግኝታ ሚኒባሱን ፈርታ የቀረች የደሴ ልጅ እንውሰድ። ልቧ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ «መሞቴ ነው» ትላለች። ቤተሰብ ዛር ነው ብሎ ወዳጃ፣ የጋራ ዱዓ፣ ተደርጎላታል። ወዳጃውን አትንኩባት፤ ዱዓው ካረጋጋት እሰየው። ጫቱን ግን ጠይቁ፣ ቡናውንም ከአቦል እስከ በረካ ትጠጣ እንደሆነ ጠይቁ። ሁለቱም ልብ ያስመታሉ፣ እንቅልፍም ይነሳሉ። ታይሮይዷ፣ ደም ማነሷና ልቧ ሳይመረመር «ጭንቀት ነው» እንዳትሉ። ራሷን ስለማጥፋት አስባ እንደሆነም በመጀመሪያው ቀን፣ በግልጽ ቃል ጠይቋት።

ቀጥሎ የሲቢቲው ሥራ ነው። ድንጋጤው አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፉ ላይ ደርሶ እንደሚወርድ አስረዷት። ለ1 ደቂቃ በፍጥነት ትተንፍስ፣ ፍርሃቷን ከ0 እስከ 10 ትንገራችሁ፣ ስሜቱ እንደማይገድላት እስክታይ ድገሙት። ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ወይም የሚጥል በሽታ፣ አስም፣ የልብ ሕመም ካለባት ይህ ልምምድ ይቅር። ከዚያ ባጃጅ እስከ ፒያሳ፣ ከዚያ ሚኒባስ፣ በመጨረሻ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው የሐረጎ ቁልቁለት።

የሚበላሸው እዚህ ነው። «እሺ፣ ወላሂ እሠራዋለሁ» ትላለች፤ አትሠራውም። የዛሬ ልጆች ይህን ሲያዩ ቴክኒክ ይቀይራሉ። በሁለት ቀን የኦንላይን ሥልጠና ሰርተፊኬት ያገኙበትን የጌስታልት ባዶ ወንበር፣ የሌለን ሰው የተቀመጠ አስመስሎ ማናገሪያውን፣ አምጥተው፣ ገና ያልተረጋጋችውን ልጅ «ማዳምሽ እዚህ ተቀምጣለች፣ ንገሪያት» ይሏታል። ዓይኗ ይፈዛል፣ እጇ ይደነዝዛል። እንዲህ ከሆነች ወዲያው አቁሙ። እግሯን መሬት ላይ ትጫን፣ ክፍሉ ውስጥ የምታያቸውን 5 ነገሮች በስማቸው ትጥራ፤ እስክትረጋጋ ከክፍሉ አትውጣ።

ቴክኒክ ከመቀየራችሁ በፊት፣ የእናንተ «ሥሪ» ለእሷ ምን እንደሚመስል አስቡ። ዓመታት በማዳም ትእዛዝ የኖረች ሰው ልምምዱን እንደ ሌላ ትእዛዝ ልትሰማው ትችላለች። ኤድዋርድ ቦርዲን በ1979 እ.ኤ.አ. የሕክምና ግንኙነትን ግብ፣ ተግባርና ትስስር ብሎ ከፍሎታል። እዚህ ግቡ የጋራ ነው፤ ተግባሩ ግን የእናንተ ብቻ ሆኗል። የሳይኮዳይናሚኩ እይታ የሚገባው አሁን ነው፤ የልጅነት ታሪኳን ለመተንተን ሳይሆን ልምምዱን ለማቃናት። «እሺ የምትዪኝ ከልብሽ ነው ወይስ እንዳልቀየምሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። «እምቢ» ካለች አመስግኗት። ደረጃዎቹን ራሷ ትምረጥ፤ ከፒያሳ በፊት ሰኞ ገበያ ይሁንልኝ ካለች ይሁንላት። ትንፋሹም ሚኒባሱም ያው ነው፤ አሁን ግን የምታዘው እሷ ናት።

ቴክኒክ ከግንኙነቱ ቀጥሎ ሁለተኛ ነው የምል ሰው ደቂቃ ስቆጥር መዋሌ ይታየኛል። ቢሆንም ቁጠሩ።

ዘዴ ስትቀይሩ ፋይሏ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን አየሁ፣ ምን ቀየርኩ፣ በስንት ቀጠሮ ምን ለውጥ እጠብቃለሁ። በአራት ቀጠሮ ምንም ካልታየ ጉዳዩን ወደ ሱፐርቫይዘር ውሰዱት። በአካባቢያችሁ ከሌለ ከሚበልጣችሁ ባለሙያ ጋር በስልክ ተመካከሩ፤ ስሟንና ሰፈሯን ሳታነሱ።