የሃይላንድ ክዳን፣ የነጣ ቀለምና የፎገራ ጭቃ፦ ጥያቄና መልስ

ከሰኔ ወዲህ የገቡት ጥያቄዎች ተከምረው ጠረጴዛዬ ላይ ከቀለም ጣሳ ጋር ቦታ እየተሻሙ ነው። ዛሬ የተወሰኑትን ላንሳ። አዲስ ለሆናችሁ፣ እዚህ የምናወራው ስለ እርሻ ማሽን ሞዴል ነው። ትራክተሩ፣ ማረሻው፣ ኮምባይነሩ፣ ሁሉም መዳፍ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍ።

«ጋሼ፣ ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ የምማር ልጅ ነኝ። ናዝሬት ይገጣጠም የነበረውን የድሮውን ቤላሩስ ትራክተር መሥራት ፈልጌያለሁ። አንድ ቆሞ የቀረ አውቃለሁ፣ ግን ንድፍ የለኝም። በስንት ልኬት ልጀምር?»

ንድፍ ምን ያደርግልሃል? ትራክተር ልኩን ጎማው ላይ ጽፎ ነው የሚዞረው። ሄደህ የኋላውን ጎማ በጨርቅ ጥረግና አንብብ። በቤላሩስ ኤምቴዜድ-80 ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው 15.5-38 የሚል ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ውፍረት ነው፣ ሁለተኛው የቸርኬው ስፋት ከዳር እስከ ዳር (ዲያሜትሩ)፣ ሁለቱም በኢንች። 38ን በ25.4 ስታበዛው 965 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በ1 ለ 32 ልኬት ከሠራህ ለ32 አካፍለው፤ 30 ሚሊ ሜትር ነው። አሁን አንድ የሃይላንድ ክዳን አንሳና በማስመሪያ ለካው። እሱም 30 ገደማ ነው! የቤላሩስ ቸርኬ መንገድ ላይ ወድቆልሃል ማለት ነው።

ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ37 ነው። በ1 ለ 32 ወደ 74 ሚሊ ሜትር፣ በ1 ለ 16 ደግሞ 148 ይሆናል። እነዚህን ሁለት ልኮች ከያዝክ ሌላውን ከፎቶ ታወጣዋለህ። ፎቶውን ስታነሳ የ1 ሜትር እንጨት ጎማው ላይ አስደግፍ። ጠጋ ብለህ አታንሳ፣ ከቅርብ ሲነሳ የፊቱ አብጦ ይወጣል። ራቅ ብለህ፣ በኮፈኑ ቁመት ልክ ዝቅ ብለህ፣ በዙም ሳበው። እኔ የመጀመሪያዬን በዓይን ግምት ሠርቼው የኋላ ጎማው የባጃጅ መሰለ። እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ደብቄዋለሁ።

የትኛው ልኬት ላልከው፣ ከጣሳና ከሽቦ የምትሠራ ከሆነ 1 ለ 16 ይሻልሃል፣ እጅህን አያስጨንቅህም። ወደፊት ከውጭ የመጡ ማረሻና ተጎታች ልትቀጥልበት ካሰብክ ግን 1 ለ 32 ያዝ። እንደ ብሪቴንስና ሲኩ ያሉት የእርሻ ሞዴሎቻቸውን በብዛት የሚያወጡት በዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ጎማውን ከስሊፐር ሶል ቆርጠህ ጥርሱን ስትለጥፍ አቅጣጫውን ልብ በል። ከትራክተሩ ኋላ ቆመህ ስታየው የጥርሶቹ ሹል ወደ ላይ ማመልከት አለበት። ገልብጠው የሚለጥፉ ብዙ ናቸው። የሚነዳ ሰው ደግሞ ከሩቅ ነው የሚያየው።

«ከሽምብጥ ሰፈር ነኝ። የ9 ዓመት ልጄ ጎረቤት ያለው ታላቁ ጋር ሆኖ በሱፐር ግሉ ትራክተር ይሠራል። ጣቶቹ ተጣብቀው መጣ። ልከልክለው?»

አይከልክሉት እመቤቴ። ጣቱን በለብታ ውኃና ሳሙና ዘፍዝፈው ቀስ ብለው ያላቁት፣ በኃይል አይጎትቱት። ይልቅ የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ሱፐር ግሉ ጥጥ ላይ በብዛት ሲፈስ ይግላል፣ ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። ነጠላዎ ወይም የጥጥ ልብሱ ላይ እንዳይደፋበት። በጥጥ ልጥረገው እንዳይልም ይንገሩት። ለዚህ ዕድሜ እንጨትና ካርቶን በኮላ ይበቃዋል። ኮላ ለመድረቅ ጊዜ ስለሚፈጅ ትዕግሥትም ያስተምራል።

«ሐምሌ ላይ የማሴ ፈርጉሰን ትራክተር ሞዴሌን ኮፈን በመኪና ናይትሮ ቀለም ቀይ ነፋሁት። በነጋታው አመድ የነካው ይመስል ነጣ። ሻጩ የተበላሸ ቀለም ሰጥቶኝ ነው?»

ሻጩን ተወው፣ ጥፋቱ የሐምሌ ነው። ናይትሮ ውስጥ ያለው ቲነር ቶሎ ይተናል። ሲተን የተቀባውን ቆርቆሮ ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥብ ከሆነ፣ ያውም ሐይቅ ዳር፣ ውኃው እንደ ጤዛ ቀለሙ ላይ ያርፍና እዚያው ይታሰራል። ያየኸው ነጭ ነገር እሱ ነው።

ብዙ ጊዜ ይድናል። ፀሐይ የወጣችበት ቀን ጠብቅ። ኮፈኑን ፀሐይ ላይ አስቀምጠህ ሞቅ ይበል። ከዚያ ቲነር ብቻውን፣ ከራቅ ያለ ቦታ፣ እንደ ጉም ስስ አድርገህ ንፋበት። ላዩ ትንሽ ይለሰልሳል፣ የታሰረው እርጥበት ይወጣል፣ ቀዩ ይመለሳል። ካልተመለሰ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሽተህ እንደገና ቀባ። ከአሁን በኋላ በክረምት ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ንፋ፣ እሱም ካልዘነበ።

ይህ ለቆርቆሮ ነው። ፕላስቲክ ላይ ቲነር እንዳትሞክር፣ ፓራፋንጎው እንደ ቅቤ ይቀልጥልሃል። የዘይት ቀለም በተቀባበት ላይም ናይትሮ አትደርብ፣ ይሸበሸባል።

ቀዩ በጣም ከደመቀብህ፣ ነጭ አትጨምርበት፣ ሮዝ ይሆንብሃል። ጥቂት ብርቱካንማ ጠብ አድርግበት። ፀሐይ ላይ የኖረ ማሴ የሚለብሰው መልክ ወደዚያ ያደላል።

«ከመርዓዊ ነው የምጽፈው። ለሞዴሌ ባለ 3 ዲስክ ማረሻ ሠራሁለት። ሳያይዘው ግን አፍንጫው ወደ መሬት ይደፋል። የፊተኛው ዲስክ መሬት ሲነካ የኋለኛው አየር ላይ ነው።»

የላይኛው ክንድህ አጥሯል። ትራክተር ማረሻን የሚይዘው በሦስት ቦታ ነው፤ ከታች ሁለት ክንድ፣ ከላይ አንድ። ይህን አያያዝ ያመጣው ሃሪ ፈርጉሰን ነው። ማሴ ፈርጉሰን ትራክተር ሁለተኛ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። ከፈርጉሰን በፊት ማረሻ ልክ እንደ ጋሪ ከኋላ ይጎተት ነበር። እሱ ግን ማረሻውን የትራክተሩ አካል አደረገው። አፈሩ ማረሻውን ሲይዘው ኃይሉ በላይኛው ክንድ ተመልሶ ትራክተሩን መሬት ላይ ያጸናዋል።

ኦፕሬተር ሜዳ ላይ የሚያደርገውን አንተም ጠረጴዛ ላይ አድርግ። የላይኛው ክንድ ሲያጥር ማረሻው ወደ ፊት ይደፋል፣ ሲረዝም ቀና ይላል። በቋሚ ሽቦ አትበይደው። ቀጭን ቱቦ ውስጥ ብሎን አስገብተህ እየዞረ የሚረዝም የሚያጥር አድርገው። አክስልና ፒን ቸግሮህ ከሆነ ሳይክል ጠጋኝ ዘንድ ጎራ በል። ራጂ፣ ያው የጎማው ቀጭን ሽቦ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ቀጥ ያለ ነው፣ አይታጠፍም። ሳይክል በሞላበት ከተማ ሽቦ መግዛት ኃጢአት ነው።

ዲስኩን ደግሞ ዝገት አትቀባው። ሥራ ላይ ያለ ማረሻ አፈር ያሸው ስለሆነ እንደ መስታወት ያበራል። የሚዝገው ሥራ ሲፈታ ነው።

«የ50 ዓመት ሰው ነኝ። ልጆቼ ይስቁብኛል።»

እኔንም ይስቁብኛል። ቀጥል።

«ፎገራ ላይ ሩዝ የሚያጭደውን ባለ ሰንሰለት ኮምባይነር እየሠራሁ ነው። የጎማ ሰንሰለቱን ከምን ላውጣው?»

ያረጀ የሳይክል ጎማ፣ የውስጡን ላስቲክ። የምትፈልገውን ስፋት በምላጭ እንደ ቀበቶ ቁረጥ። ጫፍና ጫፉን ስትገጥም ቀጥ አድርገህ አትቁረጥ፣ ሰያፍ አድርገው፣ ከዚያ በሱፐር ግሉ። ላስቲክን እንደ ሱፐር ግሉ የሚይዝ የለም። ከጎማዎቹ ዙሪያ ትንሽ አሳጥረው፣ ስትስበው እንዲወጠር። መጋጠሚያውን ከሥር፣ መሬት በሚነካው በኩል ደብቀው። ጥርሱን ከውጪኛው ጎማ እየቆረጥክ ለጥፍበት። ቆንጆ ይሆናል።

«ሞዴሌ ከሱቅ የወጣ ይመስላል። የሠራ ትራክተር እንዲመስል ጭቃ እንዴት ልቀባው?»

ይህን ጥያቄ ነው የምወደው። ሳጥኑ ላይ ያለውን ትራክተር ማንም ይሠራል። የምታውቁትን ሥሩ፤ ኮፈኑ የተጠገነውን፣ ማርሚታው በሽቦ የታሰረውን።

ጭቃ በቀለም አይሠራም፣ በጭቃ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ግን የትኛው ጭቃ? ትራክተርህ መርዓዊና ቆጋ በኩል የሚሠራ ከሆነ ቀይ አፈር ነው። ፎገራ ሜዳ ከሆነ ጥቁር ዋልካ። ሁለቱን አንድ ጎማ ላይ ካቀላቀልካቸው ያካባቢው ሰው አይምርህም።

አፈሩን ፀሐይ ላይ አድርቀው። ምጣድ ላይ ልቁላው ብለህ እንዳትነሳ፣ እኔ ቤት በዚህ ምክንያት የተፈጠረውን አላወራም። ሲደርቅ ውቀጠውና በአሮጌ ስቶኪንግ ንፋው። በ1 ለ 32 ልኬት የ1 ሚሊ ሜትር ጠጠር ማለት ከ3 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ድንጋይ ማለት ነው። የጤፍ ጭድም እንደዚያው፣ ግንድ ይመስላል፣ ፈጭተህ ካልሆነ አትበትነው። የተነፋውን አፈር በኮላና በውኃ እንደ አጥሚት አቅጥነው። ኮላ ሲደርቅ አፈሩን ያጠቁረዋልና ቆርቆሮ ላይ ሞክረህ እየው።

የት ይቀባል? ፓራፋንጎ ሥር፣ ከፊት ጎማ ኋላ ያለው የሆድ ክፍል፣ የመወጣጫው ሥር። መወጣጫው ላዩ ግን ጫማ ስለሚያሸው ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ይታያል። መሪው ላይም እጅ የሚይዝበት ቦታ ይወዛል።

አምና ጨርሼዋለሁ ያልኩትን ማሴ ወረታ ለሚሠራ ኦፕሬተር ወዳጄ አሳየሁት። ዋልካውን በጥንቃቄ፣ በጥርሶቹ መካከል መካከል ነካ ነካ አድርጌ ነበር የቀባሁት። አገላበጠው። «ይሄ ዋልካ ውስጥ ገብቷል?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ታዲያ ጥርሱ እንዴት ታየ?» እውነቱን ነው። ዋልካ ሲረጥብ ክፍተቱን ሁሉ ይሞላና ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። ስንጥር አንሥቶ ከጭቃው ሳህን እየጠቀሰ፣ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ፣ አንዱን ጎማ ሞልቶ ደፈነልኝ። ሌላውን ራስህ ጨርስ ብሎኝ ሄደ።