መልስ፦ ሊኑክስ ብጭን ጌሞቼ ይቀሩብኛል?
አቦ ወንድሜ፣ ዊንዶውስን አጥፍቼ ሊኑክስ ብጭን ጌሞቼ ይቀሩብኛል ወይ ላልከው፣ አብዛኞቹ አይቀሩም። የጌም መሸጫና ማስነሻው የስቲም ባለቤት ቫልቭ በ2018 እ.ኤ.አ. ፕሮቶንን (የዊንዶውስ ጌም ሊኑክስ ላይ የሚያስኬድ መሣሪያ) ካወጣ ወዲህ ለዊንዶውስ የተሠራውን ጌም ስቲም ራሱ ያስነሳልሃል። እነ ዶታ 2 ያለ ፕሮቶንም ይሠራሉ።

ችግሩ አንዳንድ ኦንላይን ጌሞች ላይ ያለው ማጭበርበር መከላከያ ፕሮግራም ሊኑክስን አለመቀበሉ ነው። ቫሎራንትና ፎርትናይት አይነሱም፤ እዚህ ድሬ ማታ ማታ የምንጋጠምበት የእግር ኳስ ጌም ኢኤ ኤፍሲም እንደዚያው። ይሄ በጣም ያናድደኛል! እሱን ካልተውክ ዊንዶውስን አታጥፋ፣ ሊኑክስን ጎን ለጎን ጫን።

ጌሞቹን እንደገና ማውረድ ዳታ እንዳይበላብህ ደግሞ አስቀድመህ ስቲምአፕስ በሚለው የስቲም ፎልደር ውስጥ ጌሞቹ ያሉበትን ኮመን የሚለውን ፎልደር ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጥ። ሊኑክስ ላይ እዚያው ቦታው መልሰህ ኢንስቶል ስትል ስቲም ያለውን ፈትሾ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ከኤክስተርናሉ ላይ ግን አታስነሳው፤ ዲስኩ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ ፎርማት ከሆነ ፕሮቶን ያስቸግርሃል።