ከቲዎሬቲካል ኬሚስትሪ ወደ ሌላ መስክ መሻገር

ውድ ጠያቂያችን፣

በቲዎሬቲካል ኬሚስትሪ (ኬሚስትሪን በንድፈ ሐሳብና በስሌት በሚያጠናው መስክ) የያዙት የዶክትሬት ጥናት ሊያልቅ ጥቂት እንደቀረው፣ ልብዎ ግን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዳዘነበለና ያለፉት ዓመታት ከንቱ እንዳይቀሩ እንደሚሰጉ ጽፈውልናል። ለዚህ ስጋት የእንግሊዛዊውን የክሪስቶፈር ሎንጌት-ሂጊንስን የኋለኛ ዘመን ሥራ ማየት ይጠቅማል።

ሎንጌት-ሂጊንስ ገና የኦክስፎርድ ተማሪ ሳሉ ዳይቦሬን በተባለው የቦሮንና የሃይድሮጅን ውህድ ውስጥ የቦሮን አተሞቹ በሃይድሮጅን ድልድይ የተያያዙ መሆናቸውን ከመምህራቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1943 ያሳተሙ፣ ከ1954 ጀምሮም በካምብሪጅ የቲዎሬቲካል ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩ ሰው ናቸው። ይህን ወንበር በ1967 ትተው ወደ ኤድንብራ በመሄድ የማሽን አስተውሎት የትምህርት ክፍልን ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ፤ በ1974 ደግሞ ወደ ሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተሻግረው ስለ እይታ፣ ስለ ቋንቋና ስለ ሙዚቃ አጠኑ። ዛሬ በነርቭ መረብ (በአንጎል ሕዋሳት አምሳል በተቀረጸ የኮምፒውተር ስሌት) ስማቸው የገነነው ጄፍሪ ሂንተንም የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በእርሳቸው አማካሪነት ነው፤ የሚገርመው አማካሪው በነርቭ መረብ ላይ የነበራቸው እምነት በዚያን ጊዜ ቀዝቅዞ ነበር።

ለእርስዎ ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚቀርበው በ1981 ያሳተሙት አጭር ጽሑፍ ነው። ከተለያየ ቦታ በተነሱ የአንድ ትዕይንት ሁለት ምስሎች ላይ ስምንት ተጣማጅ ነጥቦች ከታወቁ፣ የካሜራዎቹን አንጻራዊ አቀማመጥና የትዕይንቱን ቅርጽ፣ ከትክክለኛ መጠኑ በቀር፣ ማስላት እንደሚቻል ያሳዩበት ይህ ዘዴ የማትሪክስ (የቁጥር ሠንጠረዥ) ስሌት ነው፤ ማትሪክስ ደግሞ የሞለኪውል ኦርቢታልን (ኤሌክትሮኖች በሞለኪውሉ ውስጥ የሚሠራጩበትን ሁኔታ) ለሚያሰላ ሰው የዕለት ተዕለት መሣሪያው ነው።

ሆኖም አካሄዳቸውን እንዳለ እንዲቀዱ አልመክርዎትም። እርሳቸው የተሻገሩት ስመ ጥር ከሆኑ በኋላ፣ የሮያል ሶሳይቲን የምርምር ፕሮፌሰርነት ይዘው ነው፤ እርስዎ እንዲህ ያለ ዋስትና ስለሌለዎት ዲግሪዎን ሳይጨርሱ መውጣቱን አልደግፍም። ከዚያ ይልቅ ከመመረቂያ ጽሑፍዎ አንዱን ምዕራፍ መሸጋገሪያ ያድርጉት። በኳንተም ስሌት ያገኟቸውን የሞለኪውል ኃይሎች የሚማር የኮምፒውተር ሞዴል ይሥሩ፤ ሞዴሉ ባልሠለጠነባቸው ሞለኪውሎች ላይ ምን ያህል እንደሚሳሳት በግልጽ ያሳዩ፤ ኮዱንም ለሌሎች ክፍት ያድርጉት። በዚህ መስክ ሞዴል ማሠልጠን የሚችል ሰው ብዙ ነው፤ የሥልጠናው መረጃ ራሱ የት ላይ እንደማይታመን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፣ የእርስዎም ብልጫ እዚያ ላይ ነው።

የምዕራፎቹ ዝርዝር ከጸደቀ በኋላ ለውጥ ማስገባት ስለሚከብድ፣ ይህን ሐሳብ ለአማካሪዎ አሁኑኑ በጽሑፍ ያቅርቡላቸው።