በጄኔራል ዲስቻርጅ ብትወጣም የቴክሳሱ ሄዝልዉድ አልቀረብህም

«ከአሜሪካ ጦር በጄኔራል ዲስቻርጅ (ከሙሉ ክብር አንድ ደረጃ ዝቅ ባለ ስንብት) ወጣሁ፤ ጂአይ ቢል (የፌደራሉን የወታደር የትምህርት ድጎማ) ከለከሉኝ፤ ቴክሳስም ምንም አይሰጠኝም ማለት ነው?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ። ይሰጥሃል። እኔም በዚያው ወረቀት ነው የወጣሁት። ዲግሪዬን የያዝኩት ቴክሳስ ለቀድሞ ወታደሮች በምትሰጠው የነፃ ትምህርት ሕግ፣ በሄዝልዉድ ነው።

1. ዲዲ 214ህን (የስንብት ወረቀትህን) አውጣና 24 ቁጥር ሳጥንን አንብብ። «ጄኔራል» ብሎ አያቆምም፤ «አንደር ኦነረብል ኮንዲሽንስ» (በክብር ሁኔታ) ይላል። ጂአይ ቢል የፌደራል ስለሆነ ሙሉ ኦነረብል (የሙሉ ክብር ስንብት) ካልሆነ አይቀበልም። ሄዝልዉድ ግን የቴክሳስ የራሱ ሕግ ነው፤ ሁለቱንም ይቀበላል። በስቴቱ የመንግሥት ኮሌጆች እስከ 150 ክሬዲት አወር (የኮርስ መለኪያ ሰዓት) ድረስ ከትምህርት ክፍያ ነፃ ያደርግሃል። መጽሐፍና የቤት ኪራይ ግን በራስህ ነው።

2. ኮሌጅ ስትሄድ የሕጉን ጽሑፍ አትመህ ያዝ። በቃል አትከራከር። እኔ በተመዘገብኩበት ኮሌጅ የቬተራን (የቀድሞ ወታደሮች) ቢሮ የምትሠራዋ ሴትዮ ወረቀቴን አየት አደረገችና «ጄኔራል ነህ፣ አይመለከትህም» አለችኝ። መስመሩን እስከ መጨረሻው አንብቢው ብላት ከኋላዬ ያለውን ተረኛ ጠራች። ሌሊት መጋዘን ዕቃ እየጫንኩ፣ ቀን እየተማርኩ፣ የአንድ ዓመቱን ክፍያ ከኪሴ ከፈልኩ። ገንዘቡ ብቻ አይደለም የሚያንገበግበኝ። የተሰናበትኩት በአካል ብቃት ፈተና ነው። አልሰረቅኩም፣ አልከዳሁም። እሷ ግን እንደ ወንጀለኛ ነው ያስተናገደችኝ። ይህን አገር በዩኒፎርም አገልግያለሁ፤ ማንም እንደዚያ ሊያየኝ አይገባም ነበር።

ነገሩን የፈታልኝ የካውንቲው ቬተራን ሰርቪስ ኦፊሰር (የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚያግዝ የአካባቢው መንግሥት ሠራተኛ) ነው። የቬትናም ዘማች የሆኑ አዛውንት ናቸው። 24 ቁጥርን አይተው ወዲያው ስልክ አነሱ። ከዚያ በኋላ የከፈልኩት የትምህርት ክፍያ የለም። አንተም መጀመሪያ ወደ ካውንቲህ ኦፊሰር ሂድ። አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ «እኔ ላስጨርስልህ» ብሎ ብር የሚጠይቅህ ካለ ጥለኸው ሂድ።

3. ዲስቻርጁ ብቻውን አይበቃም። ከሥልጠናው ውጭ ቢያንስ 181 ቀን አክቲቭ ዲዩቲ (በሙሉ ጊዜ ወታደርነት) ማገልገል አለብህ። ሠራዊቱን ስትቀላቀልም የቴክሳስ ነዋሪ የነበርክ፣ ወይም ከቴክሳስ የገባህ፣ ወይም ሆም ኦፍ ሬከርድህ (ስትገባ ያስመዘገብከው መኖሪያ) ቴክሳስ መሆን አለበት። በዲዲ 214ህ 7 ቁጥር ሳጥን ላይ ታገኘዋለህ። ከቨርጂኒያ ገብቶ በኋላ ዳላስ የመጣ ብዙ ሐበሻ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ደግሞ የምታስገባው የዲዲ 214 ኮፒ ሜምበር 4 የሚባለው ይሁን፤ ሜምበር 1 ላይ የዲስቻርጁ ዓይነት ስለማይታይ ይመልሱሃል።

4. ጎን ለጎን ዲስቻርጁ እንዲሻሻልልህ በዲዲ 293 ቅጽ አመልክት። ከወጣህ 15 ዓመት ካላለፈህ ይቀበሉሃል። ሙሉ ኦነረብል ካደረጉልህ የጂአይ ቢል በርም ይከፈታል። እኔ አመልክቼ መልስ እየጠበቅኩ ነው።

በሠራዊቱ በኩል ዜግነት ካገኘህ «ይነጥቁሃል» የሚሉህን አትስማ። ሕጉ የሚያሰጋው አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግል በአዘር ዛን ኦነረብል (ከክብር ውጭ በሆነ ስንብት) የወጣውን ነው። የአንተ ወረቀት ያ አይደለም። በአዘር ዛን ኦነረብል የወጣ ጓደኛ ካለህ ግን ቴክሳስ ሄዝልዉድን አይሰጠውም። ኒውዮርክና ኮኔቲከት ችግሩ ከፒቲኤስዲ (ከከባድ ድንጋጤ ከሚመጣ የአእምሮ ሕመም) ወይም ከጭንቅላት ጉዳት የመጣ ከሆነ የስቴቱን ጥቅም የሚፈቅድ ሕግ አላቸው፤ እዚያ የሚኖር ከሆነ ንገረው።

7 ቁጥር ላይ የትኛው ስቴት እንደተጻፈ መልስልኝና ቀጣዩን እነግርሃለሁ።