የደች ቅጽል መጨረሻ ላይ ስለምትመጣዋ «ኧ»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የመጀመሪያ ዓመቴ ትዝ አለኝ። «ቅጽሉ አንዴ ‹ኽሮት›፣ አንዴ ‹ኽሮተ› ይላል፤ ግሡም ቦታ ይቀያይራል፤ መላው ምንድን ነው?» ነው ያልሽው።

ከዳቦ ቤት ልጀምር። ኔዘርላንድስ ውስጥ ዳቦ ግማሹን መግዛት ይቻላል። እኔም አንድ ቀን ደፈር ብዬ «ኧን ሃልቨ ብሮት» አልኩ። ሻጯ አልሳቀችም፣ «ተሳስተሃል»ም አላለችኝ። «ኧን ሃልፍ ብሮት። ይቆረጥ?» ብቻ አለችኝ። ቃሌን አቃንታ መለሰችልኝ። «ሃልፍ፣ ሃልፍ» እያልኩ ቤቴ ገባሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደች ከስም ፊት የምታስቀምጣቸው፣ እንደ እኛ «ቤቱ» ላይ እንዳለችው «ኡ» ያሉ ሁለት ቃላት አሉ፦ «ደ» እና «ሄት»። ስሞቹ ወይ የ«ደ» ናቸው ወይ የ«ሄት»። የ«ደ» ከሆነ ከስሙ ፊት ያለው ቅጽል፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ሳድሱ ወደ ግዕዝ ይዞራል፦ «ደ ኽሮተ ታፈል» (ትልቁ ጠረጴዛ)፣ «ኧን ኽሮተ ታፈል» (ትልቅ ጠረጴዛ)። ጣጣው «ሄት» ላይ ነው፤ ደግነቱ እዚያ አማርኛሽ ይደርስልሻል። «ትልቅ ቤት» ማለት «ኧን ኽሮት ሃውስ» ነው። «ትልቁ ቤት» ደግሞ «ሄት ኽሮተ ሃውስ»። እኛ ቅጽሉ ላይ «ኡ» የምንቀጥልበት ቦታ እነሱ «ኧ» ይቀጥላሉ። ይህን የነገረኝ መምህር የለም፤ አንድ ቀን ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ራሴ ነኝ የደረስኩበት፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ብዙ ቁጥር ከሆነ ሁሉም በ«ኧ» ነው። «ቤቱ ትልቅ ነው» ስትይ ግን ምንም አትጨምሪ፦ «ሄት ሃውስ ኢስ ኽሮት»።

ስለዚህ «ሃውስ» ብለሽ አትሸምድጂ፤ «ሄት ሃውስ» ብለሽ ያዢው። መጨረሻው ላይ «የ» ያለበት የማሳነሻ ቃል በሙሉ «ሄት» ነው። ልጅቷ ራሷ፣ «ማይስየ»፣ «ሄት» የሆነችው ለዚህ ነው።

ወደ ግሡ ልምጣ። በዋናው ዓረፍተ ነገር ሁለተኛ ቦታውን አይለቅም። «ነገ እሠራለሁ» «ሞርኸን ቬርክ ኢክ» ነው፤ «ኢክ» (እኔ) ወደ ኋላ ይሸሻል። እኔ ለወራት «ሞርኸን ኢክ ቬርክ» ስል ኖሬያለሁ። «ኦምዳት» (ምክንያቱም) ከገባ ግን ግሡ መጨረሻ ላይ ይሄዳል፦ «ኦምዳት ኢክ ኼን ታይት ሄፕ»። «ጊዜ ስለሌለኝ» ስንል የእኛስ ግሥ የት ነው? መጨረሻ! በእንግሊዝኛ ዞረሽ ስትመጪ ነው የሚበላሽብሽ። በቀጥታ ከአማርኛ ተነሺ።

የቃል ምርጫ ላይ ግን አማርኛችን ያምታታል። «አውቃለሁ» አንድ ነው፤ እነሱ ለሰውና ለቦታ «ኬነን»፣ ለጉዳይ «ቬተን» ይላሉ። «ሌነን» ደግሞ መዋስም ማዋስም ነው። ጎረቤቴ በር አንኳኩቶ ስለ መሰላል ሲያወራ የያዝኩት «ሌነን» የምትለዋን ብቻ ነበር። ሊያውሰኝ ነው ብዬ «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» አልኩት። ሰውየው ዓይኑ መጋዘኔ በር ላይ የተደገፈው መሰላል ላይ ቀረ።